ልጅ በሰው ፊት ሲያስቸግር ወላጅ ምን ያድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ልጅ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ከወንበር ወንበር እየዘለለ ሕመምተኞችን ሲረግጥ፣ በአውቶቡስ ውስጥ የፊቱን ወንበር በእግሩ ሲደበድብ ወይም በሱፐርማርኬት ወለል ላይ ተንጋሎ እሪ ሲል፣ ወላጁ ደግሞ እንዳላየ ሆኖ ሲያልፈው፣ በዙሪያው ያለው ሰው ይናደዳል፣ ወላጁ ይሸማቀቃል፣ ልጁም ምንም ሳይማር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ወላጆች፣ አያቶች፣ አስተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጅ የሌላቸው ተመልካቾች በየጊዜው ያነሷቸዋል። መልሶቹ ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ልጅን በሰው ፊት ሥርዓት የሚያስይዘው የወላጁ ቃል መታመኑ እንጂ የቁጣው ብዛት አይደለም።

ወላጆች ልጃቸው ሰው ሲረብሽ እያዩ ለምን ዝም ይላሉ?

አብዛኛውን ጊዜ ከግዴለሽነት የተነሣ አይደለም። ትልቁ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ልጁን ቢቆጡት እንደሚያለቅስ፣ ካለቀሰ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ እንደሚያያቸው ስለሚያውቁ፣ ትንሹን ረብሻ ችለው ትልቁን ለመሸሽ ይመርጣሉ። ልጁ ይህን ፍርሃት ፈጥኖ ይረዳዋል፤ ቤት ውስጥ «አይሆንም» የተባለው ነገር በሰው ፊት «እሺ፣ ብቻ ዝም በል» እንደሚሆን ከጥቂት ጊዜ ልምድ በኋላ ያውቃል። በዚህ መንገድ ወላጁን ከመሸማቀቅ ያዳነው ዝምታ ለሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ መሸማቀቅ ያዘጋጅለታል።

ሌላው ምክንያት ድካም ነው። ሥራ ውሎ፣ ወረፋ ተሰልፎ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ ከአንድ በላይ ልጅ እየጎተተ የሚሄድ ሰው «አታድርግ» ያለውን ነገር ተነሥቶ ለማስፈጸም የሚያስችል አቅም አይኖረው ይሆናል። ከተቀመጠበት ሆኖ ስሙን ደጋግሞ ይጠራዋል፤ ልጁም ስሙ አሥር ጊዜ እስኪጠራ ድረስ ምንም እንደማይመጣበት ያውቃል።

ሦስተኛውና ብዙ የማይነገርለት ምክንያት አማራጭ ማጣት ነው። በዱላና በቁንጥጫ ያደገ ሰው «እኔ ልጄን እንዲህ አላሳድግም» ብሎ ሲወስን ትክክለኛ ውሳኔ ወስኗል፤ ነገር ግን በዱላው ፋንታ ምን እንደሚተካ ማንም አላሳየውም። ስለዚህ መምታቱን ይተወዋል፣ የተወው ቦታም ባዶ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ወላጅ «አሞላቆ አበላሸው» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን በዚያች ቅጽበት እጁ ላይ ሊኖረው የሚችለውን ነገር ማወቁ ነው።

በእርግጥ ግዴለሾችም አሉ። ልጁ የማያውቀውን ሰው ዕቃ ሲበታትን ፈገግ ብሎ የሚያይ፣ «ልጅ እኮ ነው» ከማለት በቀር ከቦታው የማይነሣ ወላጅ አለ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ያ የወላጁ ፍቅር ነው እንጂ በአጠገቡ ለተቀመጠው መንገደኛ የሚጣል ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ዝም ያለ ወላጅ ሁሉ ልጁን ማረም አቅቶታል ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህን መለየት ለተመልካችም ለወላጅም አስፈላጊ ነው። ልጁ የሚያለቅሰው የተከለከለውን ነገር ለማስፈቀድ ከሆነ፣ ማንንም እስካልጎዳና አደጋ ላይ እስካልወደቀ ድረስ፣ አጠገቡ ቆሞ ልቅሶውን በትዕግሥት ማሳለፍ ራሱ ማረም ነው። ልቅሶው የሚፈልገውን ነገር ካላመጣለት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አብዛኛው የሕፃናት ግልፍታ በራሱ ከተተወ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ያልፋል፤ የሚረዝመው ብዙውን ጊዜ ወላጁ በየመሀሉ ሲያባብል፣ ሲዝት፣ እንደገና ሲያባብል ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በሁለት ነገር ነው። ሆን ብሎ ዝም ያለ ወላጅ ዓይኑ ከልጁ ላይ አይነሣም፣ ቃሉንም አይለውጥም። የተሸነፈ ወላጅ ግን ወይ ዓይኑን ያሸሻል ወይም በመጨረሻ የተከለከለውን ነገር ይሰጣል። ደግሞም ይህ ዓይነቱ ዝምታ የሚሠራው ለልቅሶና ለኩርፊያ ብቻ ነው። ልጁ ሌላ ልጅ ሲመታ፣ ሰው ላይ ዕቃ ሲወረውር ወይም ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ ዝም ማለት በምንም መንገድ ትክክል ሊሆን አይችልም፤ ያኔ መቆም፣ መያዝና ማራቅ ያስፈልጋል።

ልጄ ቤት ውስጥ ጨዋ ነው፤ ውጭ ስንወጣ ለምን ሌላ ልጅ ይሆናል?

ሁለት ዓይነት ምክንያቶች አሉ፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የሰውነት ነው። ሕፃን ልጅ ሲርበው፣ እንቅልፉ ሲያልፍ፣ ድምፅና ሰው ሲበዛበት ራሱን የሚገዛበት አቅም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል፤ ይህም የቀን እንቅልፉን ይጨምራል። ልጁ በሚተኛበት ሰዓት ረጅም ወረፋ ውስጥ ያስገባ ወላጅ የሚያየው ረብሻ ከባለጌነት የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለውን ችግር ቁጣ አይፈታውም፤ የመውጫውን ሰዓት መለወጥ ግን ይፈታዋል።

ሁለተኛው ልጁ ከልምድ የተማረው ነው። የሥነ ባሕርይ ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሠራቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያገኝ ድርጊት ይልቅ አልፎ አልፎ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ድርጊት ለመጥፋት ያስቸግራል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ባይደርሰውም መቁረጡን እንደማያቆም፣ አራት ጊዜ ተከልክሎ በአምስተኛው በሰው ፊት በማልቀሱ የተፈቀደለት ልጅም ማልቀሱን አይተውም። ቤት ውስጥ ማልቀስ እንደማያዋጣ፣ ውጭ ግን አንዳንድ ጊዜ እንደሚያዋጣ ካወቀ፣ ሁለት ዓይነት ጠባይ መያዙ የአስተዋይነቱ ምልክት ነው።

ከቤተሰቦች ጋር ለረጅም ዓመታት የሠራው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ይህን ዑደት ከወላጁም ከልጁም በኩል ተመልክቶታል። ወላጁ ያዝዛል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ወላጁ ትእዛዙን ይተወዋል፣ ልጁም ዝም ይላል። ልጁ ከትእዛዙ በመገላገሉ፣ ወላጁ ደግሞ ጸጥታ በማግኘቱ ሁለቱም ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ይደግማሉ። በሰው ፊት ሲሆን ጸጥታው ለወላጁ ከቤት ይልቅ ውድ ስለሆነ፣ ዑደቱ ውጭ ላይ ይጠነክራል። ወላጁ የሚሸነፈው ልጁን ስላላወቀው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም መሸነፉ ለጊዜው በእርግጥ እፎይታ ስለሚሰጠው እንደሆነ መረዳት ለመውጫው መጀመሪያ ነው።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው ልጅ በሰው ፊት ሥርዓት እንዲይዝ የሚጠበቀው?

ከዕድሜው በላይ መጠበቅም፣ ከዕድሜው በታች መጠበቅም ጉዳት አለው። ፍላጎትን የመግታት፣ የመጠበቅና የማሰብ ሥራ የሚሠራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ድንገት መቆጣት፣ መሬት ላይ መንፈራፈርና መጮኽ የጤናማ እድገት አካል ነው፤ ቃላቱ ለስሜቱ ገና አልበቁም። የ2 ዓመት ልጅን ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማዘዝ የማይቻለውን መጠየቅ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ከቦታው ማንሣት፣ ትኩረቱን ማዞርና አጭር ቃል ነው።

ከ3 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ልጅ አጭር ደንብ ይረዳል፣ ሲነገረውም ይዞ ለትንሽ ጊዜ ይቆያል። የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ደግሞ የሌላው ሰው መረበሽ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በቂ አእምሮ አለው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ የማያውቃቸውን ሰዎች እየረገጠ ሲሮጥ «ገና ልጅ ነው» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ወላጁም ይህን በልቡ ያውቀዋል።

በሰው ፊት አንድ ጥፊ ወይም ቁንጥጫ ቢሰጠው አይሻልም?

አይሻልም። ልጁ በዚያች ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል፤ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስተውም ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 160,000 ገደማ ልጆችን የሚመለከቱ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ መመታት ከተሻለ ታዛዥነት ጋር የተያያዘ ሆኖ አላገኙትም፤ ይልቁንም ከጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር ካለ የሻከረ ግንኙነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው አቋም ወላጆች መምታትንም፣ ልጁን የሚያዋርድ ስድብንም እንዲተዉ መክሯል።

ሕጉም ወደዚያው አቅጣጫ ሄዷል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤት ውስጥም ቢሆን ልጅን መምታት በመከልከል የመጀመሪያዋ አገር ሆነች፤ ዛሬ ተመሳሳይ ክልከላ ያላቸው አገሮች ከ60 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ልጆችን ከማንኛውም የአካልና የአእምሮ ጥቃት የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥታት ላይ ይጥላል።

በሰው ፊት መምታት ደግሞ በራሱ ተጨማሪ ጉዳት አለው። ልጁ የሚያስታውሰው ያጠፋውን ጥፋት ሳይሆን ያዩትን ሰዎች ፊት ነው። ሌላውን ሰው መምታት ትክክል አይደለም ተብሎ የሚታረም ልጅ፣ ያንን ትምህርት በጥፊ ሲቀበል የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚመታ ብቻ ይሆናል።

ሳይመቱና ሳይጮኹ በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ ይቻላል?

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከቤት ሳይወጡ ነው። ልጁ የት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚጠበቅበት በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይነገረው፤ «እጄን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ዛሬ መጫወቻ አንገዛም» በቂ ነው። ደንቡ ሲበዛ ልጁ አያስታውሰውም፤ ወላጁም አያስፈጽመውም። ደንቡን ልጁ በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገረው ማድረግ ይጠቅማል፤ በኋላ «አልሰማሁም» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

ረብሻው ሲጀምር ከሩቅ ሆኖ ስሙን መጥራት ዋጋ የለውም። ተነሥቶ መቅረብ፣ ዝቅ ብሎ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ ዝግ ባለ ድምፅ መናገር ያስፈልጋል። ድምፅን ዝቅ ማድረግ ለወላጁም ይጠቅማል፤ ተመልካቹን ረስቶ ከልጁ ጋር ብቻ እንዲነጋገር ያደርገዋል። የሚነገረው ቃልም የማይፈለገውን ሳይሆን የሚፈለገውን ቢገልጽ ይመረጣል። «አትሩጥ» ከማለት «አጠገቤ በእግርህ ተራመድ» ማለት ለትንሽ ልጅ ይቀላል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ከዚያ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጠው፤ ማስጠንቀቂያውም ወላጁ በእርግጥ ሊፈጽመው የሚችልና በቅርብ የሚመጣ ነገር ይሁን። «እንደገና ብትወረውር ከዚህ እንወጣለን» የተባለ ልጅ እንደገና ከወረወረ፣ ያለ ተጨማሪ ንግግር እጁን ይዞ መውጣት ይገባል፤ ዕቃው ሳይገዛ ቢቀርም፣ ምግቡ ሳያልቅ ቢቀርም። ይህ ወላጁን እንደሚያስከፍለው የታወቀ ነው። ነገር ግን አንዴ የተፈጸመ ቃል፣ በሚቀጥሉት ጊዜያት ሃያ ማስጠንቀቂያዎችን ያስቀራል። ውጭ ከወጡ በኋላ ልጁ እስኪረጋጋ አብሮት መቀመጥ ይበቃል፤ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ለጸጥታ ጊዜው እንደ መነሻ የሚጠቅሱት ልኬት ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 1 ደቂቃ ነው። ሲረጋጋ መመለስ የሚቻል ከሆነ ይመለሱ፤ ልጁ ረብሻ ሁልጊዜ ከቦታው እንደሚያስወጣው ካወቀና ቦታው ራሱ የማይወደው ከሆነ፣ መውጣቱን እንደ ሽልማት ሊወስደው ይችላልና።

በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ውስጥ ሲሆን መውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያውም መውጣት ሊሆን አይችልም። የፊቱን ወንበር የሚደበድብ ልጅን እግር በእጅ በቀስታ መያዝ፣ ቦታ መቀየር ወይም ጭን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጉዞ ዝግጅቱ ከእርምቱ ይበልጣል፤ መጽሐፍ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ የሚበላ ነገር፣ በየመሀሉ ተነሥቶ የሚራመድበት ጊዜ።

በጣም መራቅ የሚገባው የውሸት ማስፈራሪያ ነው። «ትቼህ እሄዳለሁ» የተባለ ልጅ ወይ ወላጁ እንደማይሄድ አውቆ ቃሉን ይንቃል ወይም አምኖ ከሁሉ የከፋ ፍርሃት ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ «ሐኪሙ ይወጋሃል» የሚሉት ደግሞ አደገኛ ናቸው። ልጁ ጠፍቶ ቢገኝ እርዳታ መጠየቅ የሚገባው ከፖሊስ ነው፤ ሲታመምም የሚያክመው ሐኪሙ ነው። ለአንድ ደቂቃ ጸጥታ ሲባል ልጁን ከሚጠብቁት ሰዎች ማስፈራራት እጅግ ውድ ዋጋ ነው።

በመጨረሻ፣ ልጁ በሥርዓት የቆየባቸው ጊዜያት ሳይነገሩ አይለፉ። «ወረፋው ረጅም ነበር፣ አንተ ግን አጠገቤ ቆየህ» የሚል ቃል «ጎበዝ» ከሚለው በላይ ይሠራል፤ ምን እንዳደረገ ያሳውቀዋልና።

ዛሬ ደክሞኛል፤ ለአንድ ቀን ብቻ የጠየቀውን ብሰጠው ምን ችግር አለው?

መስጠት የሚቻል ነገር ከሆነ ልቅሶው ሳይጀምር መስጠት ምንም ችግር የለውም። ችግሩ ከከለከሉ በኋላ በልቅሶ ምክንያት መስጠት ነው። በተለይ ወላጁ ጽኑ ለመሆን በወሰነባቸው የመጀመሪያ ቀናት የልጁ ጩኸት ከበፊቱ ሊጨምር ይችላል፤ ድሮ የሚሠራው ነገር ሳይሠራ ሲቀር አጥብቆ መሞከሩ የተለመደ ነው። ብዙ ወላጆች በዚህ ጊዜ «ይሄ ዘዴ አልሠራም» ብለው ይተዉታል፤ በዚህም ልጁ ከበፊቱ የበለጠ መጮኽ እንዳለበት ይማራል። ስለዚህ አቅም በሌለበት ቀን ክልከላውን ማሳነስ ይሻላል፤ የማይፈጸም ክልከላ ከመናገር ገና ከመጀመሪያው መፍቀድ ለቃሉ ክብር የተሻለ ነው።

ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘትስ?

በረጅም ጉዞ ወይም በአስቸጋሪ ሕክምና ጊዜ አልፎ አልፎ ቢሆን አይከፋም። የተቆጣ ልጅን ለማብረድ ዘወትር የሚሰጥ ከሆነ ግን ልጁ ራሱን ማረጋጋት የሚለማመድበትን ጊዜ ይወስድበታል፤ ማልቀስም ስልክ ማግኛ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ውስጥ ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ድምፁን ከፍ አድርጎ በሰው መሀል ማጫወትም ራሱ ሌላ ረብሻ ነው።

ጥብቅ ብሆን ልጄ የማልወደው አይመስለውም?

ይህ ጥያቄ የብዙ ዝምታ ሥር ነው፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ከልጃቸው ርቀው የሚሠሩ ወላጆች ያለችውን ጥቂት ሰዓት በክርክር ማሳለፍ አይፈልጉም። ሐዘናቸው የሚገባ ነው። ሆኖም ፍቅርና ጥብቅነት አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ነገሮች አይደሉም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዲያና ባውምሪንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በጥናቷ ለይታ አስቀምጣለች። ብዙ የሚያዝዙ ግን ርኅራኄያቸው የማይታይ ወላጆች አሉ፤ ሞቅ ያለ ፍቅር ኖሯቸው ምንም የማይጠይቁ አሉ፤ ሁለቱንም አጣምረው የሚይዙ፣ ደንቡንም ምክንያቱንም የሚናገሩ፣ ልጁን የሚሰሙና በቃላቸው የሚጸኑ ደግሞ አሉ። ራሳቸውን በመግዛትም፣ ከሰው ጋር በመግባባትም የተሻሉ ሆነው የተገኙት የመጨረሻዎቹ ወላጆች ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪዎቹ ኤሌኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን አራተኛ ዓይነት ጨመሩ፤ ፍቅርም ጥያቄም የሌለበት መራቅ። በሰው ፊት ስንመለከታቸው ፍቅር ያለው ልቅነትና መራቅ አንድ ሊመስሉን ይችላሉ፤ በልጁ ሕይወት ውስጥ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ማረምም ከሁለተኛው ይልቅ ይቀላል።

በሰው መሀል መኖርን ያልተማረ ልጅ ግብዣ አይጠራም፣ ሌሎች ልጆች ይሸሹታል፣ ትልልቅ ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁሩበታል፤ እርሱም ምክንያቱን አያውቀውም። ልጅን ከዚህ ብቸኝነት ማዳን የፍቅር ሥራ ነው።

እኔ ስከለክል ባለቤቴ ወይም አያቶቹ ይፈቅዱለታል። ምን ይሻላል?

በልጁ ፊት መከራከር አይገባም፤ ልጁ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለበት ብቻ ያውቅበታል። አንዱ የተናገረውን ሌላው በዚያች ሰዓት ያጽናው፤ ካልተስማማበት ማታ ለብቻ ይነጋገሩበት። ከአያቶች ጋር በሁሉም ነገር መስማማት አስፈላጊ አይደለም፤ ሰውን አለመምታት፣ ከመንገድ መራቅና የሰው ዕቃ አለመንካት በሚሉት ላይ ብቻ መስማማት ይበቃል። እነርሱ ቤት ስለሚፈቀድ ጣፋጭ መጣላት ለዋናው ጉዳይ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይጨርሳል።

እኔ ተመልካች ነኝ። የማላውቀውን ሰው ልጅ መቆጣት እችላለሁ?

ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሌላውን እየጎዳ ከሆነ ወዲያውኑ ማስቆም የማንኛውም ትልቅ ሰው ግዴታ ነው። ከዚያ ውጭ ላለው ረብሻ በቀጥታ የሚመለከትዎ ከሆነ በቅድሚያ ለወላጁ፣ ወላጁ በአጠገቡ ከሌለ ደግሞ ለልጁ በትሕትና መናገር ይቻላል። «ይቅርታ፣ ወንበሬን በእግሩ እየመታው ነው፤ ቢያቆምልኝ ደስ ይለኛል» የሚለው ንግግር የሆነውን ይናገራል እንጂ ማንንም አይፈርድም። «ልጅ ማሳደግ አታውቂም እንዴ?» የተባለች እናት ግን ልጇን ለማረም ሳይሆን ራሷን ለመከላከል ትነሣለች፣ ወይም ከኀፍረቷ የተነሣ ልጁን ትመታዋለች። ሁለቱም እርስዎ የፈለጉት አይደሉም።

ልብ ሊባል የሚገባው የእይታም ኃይል ነው። ብዙ ወላጆች በልጃቸው ልቅሶ ፊት የሚሸነፉት በዙሪያቸው ባሉ ዓይኖች ምክንያት ነው። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን ሳትቆጣና ሳትሰጥ አቅፋ ስትጠብቅ ካዩ፣ ዓይንዎን ከእርሷ ላይ ማንሣት ወይም «አይዞሽ፣ ያልፋል» ማለት ልጁን በማረም ረገድ ከማንኛውም ምክር በላይ ይረዳታል። በተቃራኒው ለልጁ ሲያዝኑ በኪስዎ ያለውን ከረሜላ መስጠት፣ በቅንነት የተደረገ ቢሆንም፣ የእርሷን ድካም ያፈርሰዋል፤ ሁልጊዜ አስቀድሞ ወላጁን መጠየቅ ይገባል።

ልጁ ኦቲዝም ወይም ሌላ ችግር ቢኖርበትስ?

ይህ ጥያቄ ለተመልካች ፍርድ ልጓም ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ግርግር ሲበዛበት የሚያሳየው ግልፍታ ከሩቅ ሲታይ የሞልቃቃ ልጅ ልቅሶ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚፈልገው ነገር የለም፣ ስለዚህ መከልከልም መስጠትም አያበርደውም። ጸጥ ወዳለ ቦታ ማውጣት፣ ንግግርን መቀነስና ጊዜ መስጠት ይረዳል። የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ያለበት ልጅም ደንቡን እያወቀ ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ ለእርሱ አጭር ጊዜ፣ አጭር ደንብና ወዲያው የሚመጣ ማበረታቻ ያስፈልጋል።

ልጁ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላም በቀን ደጋግሞ የሚንፈራፈር፣ ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ፣ ንግግሩ የዘገየ፣ ወይም በቤትም በትምህርት ቤትም በሁሉም ቦታ የሚቸገር ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ቀድሞ የታወቀ ችግር ቀድሞ ይታገዛል፤ ወላጁም ለዓመታት ራሱን ከመውቀስ ይድናል።

ልጄ የሰው ዕቃ ቢሰብር ወይም ሰው ቢረብሽ ለተረበሸው ሰው ምን ልበል?

በቅድሚያ ወላጁ ራሱ፣ ልጁ እየሰማ፣ ያለ ምክንያት ድርደራ ይቅርታ ይጠይቅ። «ደክሞት ነው» ወይም «እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚለው ከይቅርታው በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በፊቱ ሲመጣ ግን ይቅርታውን ያጠፋዋል። ልጁ 4 ዓመት ከሞላው ከወላጁ ጋር ቀርቦ በራሱ አንደበት ይበል፤ አፍሮ እምቢ ካለ በሰው ፊት አንገቱን ይዞ ማስገደድ አያስፈልግም፣ ወላጁ ስለ እርሱ ተናግሮ በኋላ ሲረጋጋ ሊያስመልሰው ይችላል። የተበተነውን አብሮ መልቀም፣ የፈሰሰውን አብሮ መጥረግ ከቃሉ በላይ ያስተምረዋል። የተሰበረውን ወላጁ ይክፈል፤ ልጁ የኪስ ገንዘብ የሚቀበልበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ ከእርሱም ላይ ጥቂቷ ትዋጣ፣ ዋጋውም ሲከፈል ልጁ በዚያው ቆሞ ይየው።